የመመረቂያ ኮሌክሽኔ ከንድፍ ሳይሆን ከአንድ ኮት ክርን ጀመረ

ሰያፍ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የፋሽን ዲዛይን መመረቂያ ኮሌክሽኔን (አብረው የሚታዩ ልብሶች ስብስብ) ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። የሚጠበቅብኝ 6 ሙሉ ልብስ ነው። አምስቱ ተሰፍተው ቆመዋል። የተቸገርኩት ስድስተኛው ላይ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እጠይቃችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። ዓመቱን ሙሉ ውስጤ ሲጠራቀም ቆይቷል።

ስጀምር ሁሉም ተማሪ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት። ርዕስ ፈለግኩ። «ትዝታ» አልኩ። ግድግዳዬን በፎቶ ሞላሁት፤ ያረጀ በር፣ የደበዘዘ ደብዳቤ፣ ዝናብ የመታው መስኮት። ከዚያ ቁጭ ብዬ 40 ንድፍ ሳልኩ። ንድፎቹ ያምሩ ነበር፤ ዛሬም ሳያቸው ያምራሉ። መምህሬ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ክንዷን ስታጥፍ ይሄ እጅጌ ምን ይሆናል?» መልስ አልነበረኝም። የሳልኳቸው ሴቶች በሙሉ ክንዳቸውን ዘርግተው የቆሙ ነበሩ። የተቀመጠች የለችም። ዕቃ የያዘች የለችም። እጇን ኪሷ የከተተች እንኳ አልነበረችም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል እርሳስ አላነሳሁም። አንድ ማታ ቤት ስገባ የአባቴን አሮጌ ኮት በሩ ጀርባ ተሰቅሎ አየሁት። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ኮት ነው። የዚያን ቀን ግን ዓይኔ ክርኑ ላይ አረፈ። ባዶውን ተሰቅሎ ክርኑ ታጥፏል። አባቴ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ ክንዱ ግን እዚያ ኮት ውስጥ አለ። «ትዝታ» እያልኩ ስፈልገው የነበረው እዚያ ተሰቅሎ ነበር።

ልፍታው ብዬ ጠየቅኩት፤ ሳያንገራግር ሰጠኝ። ገበሩን አወጣሁ፣ ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተርኩ። ደረቱ ውስጥ ከፈረስ ፀጉር ጋር የተሸመነ ማጠንከሪያ ጨርቅ አገኘሁ፤ በእጅ ስፌት የተያዘ፣ ማንም እንዲያየው ያልተሰፋ። እጅጌውን ስዘረጋው ግን የባሰ ገረመኝ። እጅጌው ሁለት ቁራጭ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው። ሁለቱም ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ጎበጥ ብለው ነው የተቀደዱት። አባቴ በዘመናት ያጠፈው የመሰለኝ ክርን ግማሹ ገና ከመጀመሪያው፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በመቀስ የታጠፈ ነበር። ልብሱን የቀደደው ሰው አባቴን ሳያውቀው ክንድ እንደሚታጠፍ ግን ያውቅ ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮሌክሽኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ። ልብስ ገና ሳይለበስ የሰውን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል ወይ? ለእያንዳንዱ ልብስ አንድ እንቅስቃሴ መደብኩለት። ክንድ ማጠፍ፣ እጅ ኪስ መክተት፣ ጎንበስ ማለት፣ ከላይ ዕቃ ማውረድ፣ ትከሻ ላይ ነገር መሸከም።

የኮሌክሽኑን ኮት ለሙከራ ሰባት ጊዜ በአቡጀዴ ሠራሁት። ሦስተኛው ላይ ጓደኛዬ ለብሳው ክንዷን ስታነሳ ኮቱ እንዳለ አብሮ ተነሳ። ኮሌታው ጆሮዋ ደረሰ። እኔም የክንዱ መግቢያ የጠበበ መስሎኝ አሰፋሁት። አራተኛው ባሰበት። አሁንም አሰፋሁት፤ አምስተኛው ከዚያም ባሰ። ስድስተኛውን በንዴት አጠበብኩት፤ ወደ ላይ አወጣሁትና ብብቷ ሥር አስጠጋሁት። ክንዷን አነሳች፤ ኮቱ ካለበት ንቅንቅ አላለም። መግቢያው ወደ ብብት በቀረበ መጠን ክንድ ነፃ ይሆናል። ይህን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። ያመንኩት ግን የዚያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ስድስተኛው ልብስ በሰያፍ የተቀደደ፣ ማለትም የጨርቁን ክር ተከትሎ ሳይሆን አጋድሎ የተቆረጠ የሐር ቀሚስ ነው። ያየው ሁሉ «ይሄማ ልዩ ነው» ይላል። የሠራሁት መካከል ላይ፣ ኮቱ ሲያደክመኝ፣ ለማረፍ ያህል ነው። ከሌሎቹ አምስቱ ጋር ሳቆመው ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ላውጣው ወይስ ልተወው?

የመቀስ ሰው፦

ልጄ ልበልሽ፤ ፓተርን (ጨርቅ የሚቀደድበትን የልብስ ቅርጽ) ሳወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። የክንዱን መግቢያ ነገር በራስሽ እጅ መድረስሽ ደስ ብሎኛል። ከኔ ጋር የሠሩ ብዙ ወጣቶች ሲጠብባቸው ማስፋት ነው የሚቀናቸው። ሰባት ጊዜ መሥራትሽም አያሳፍርም። ስፔናዊው ዲዛይነር ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ (1895–1972) ያን ሁሉ ዝና ይዞ እንኳ ያላማረውን እጅጌ ተርትሮ እንደገና ይገጥም ነበር። እጅጌ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አቡጀዴ ጥሩ ነው፤ ግን ይዋሻል። ቀላልና ደረቅ ነው። ወፍራም ሱፍ በክብደቱ ይወርዳል፣ እጥፋቱም ቦታ ይወስዳል። ለኮት መሞከሪያ አንዴ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ሥሪ። አቡጀዴው ያልነገረሽን ይነግርሻል።

ስለ ቀሚሱ ልጠይቅሽ። ጠርዙን ከማጠፍሽ በፊት ሰቅለሽ አቆይተሽዋል? በሰያፍ የተቀደደ ጨርቅ ወዲያው አያርፍም። ድሩና ማጉ እኩል አይሳቡም፤ አንዱ ጎን ከሌላው በልጦ ይወርዳል። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት፣ ተሰቅሎ ይቆይ። ከዚያ ሰው ለብሶት፣ ከወለሉ በማስመሪያ እየለካሽ ጠርዙን አስተካክይ።

ግራጫ ሱፍ፦

ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮቱ ጋ ስደርስ የኔን ሥራ ትቼ ነው የተቀመጥኩት። ግን አንድ ቦታ ላይ አልስማማም። ንድፍና ርዕስ ጊዜ ማባከኛ ናቸው የምትይ ይመስላል። ለኔ ሁልጊዜ የሚቀድመው ሐሳብ ነው። ዲዛይነሩ ሁሴን ቻላያን እ.ኤ.አ. በ1993 ለመመረቂያው ያቀረባቸውን ልብሶች ከብረት ብናኝ ጋር አፈር ውስጥ ቀብሮ ነው ያወጣቸው። ያ ነገር ጨርቅ በመነካካት ብቻ አይመጣም። አንድ ሰው አስቀድሞ «ልብስ ቢቀበርስ?» ብሎ ማሰብ አለበት።

ጨርቅ ይዤ የጀመርኩበት ጊዜም አለ። ቀኑን ሙሉ ማኒኪን (ልብስ የሚለካበት የሰው ቅርጽ) ላይ ስፒል ስሰካ እውላለሁ። ደስ ይላል። ወሩ ሲያልቅ ግን እጄ ላይ 20 የሚያማምሩ እጥፋቶች እንጂ አንድ ልብስ የለም። ለኔ ሐሳቡ ነው «እዚህ ጋ ይብቃሽ» የሚለኝ።

ሰያፍ፦

@ግራጫ ሱፍ፣ የመጨረሻዋ አባባልሽ ገብታኛለች። እውነትሽን ነው፤ «እንቅስቃሴ» የሚለው ሐሳብ ባይኖር ኖሮ ኮቱ ላይ እስከ ዛሬ እየሰፋሁ ነበር። ቻላያንም ሐሳቡን ቀድሞ አስቦ ይሆናል። ዝገቱን የሠራው ግን አፈሩ ነው። ልብሶቹ ምን መስለው እንደሚወጡ መሬቱ እንጂ እሱ ሙሉ በሙሉ አልወሰነም። የኔ 40 ንድፍ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ክፍተት አልነበረም። ሁሉም አልቆለት ነበር። ቅር ያሰኘኝ መሳሌ አይደለም፤ ጨርቁን ሳልጠይቅ መጨረሴ ነው።

@የመቀስ ሰው፣ ጋሼ፣ የብርድ ልብሱን ምክር ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። ቀሚሱን ግን አልሰቀልኩትም ነበር፤ ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። አሁኑኑ አወጣዋለሁ።

ገበር፦

እኔ የምሠራው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ናሙና ክፍል ነው። ዲዛይነሮች ኮሌክሽን ሲመርጡ አጠገባቸው ሆኜ አያለሁ። ስለዚህ ስለ ጥበቡ ሳይሆን ስለ አሰላለፉ ልናገር።

ስድስቱንም ልብስ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሺያቸው። ቀለሙ እንዳያታልልሽ ጥቁርና ነጭ አድርጊው። በአንድ መስመር ግድግዳ ላይ ለጥፊና ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ቆመሽ እዪ። የልብሱ ዝርዝር ከርቀት ይጠፋል፤ የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ በእጅሽ ሸፍኚ። ሲሸፈን ሌሎቹን የሚያጎድል ልብስ የኮሌክሽኑ ነው። ቢሸፈንም ባይሸፈንም ሌሎቹ ላይ ለውጥ ካላመጣ፣ ውብ ቢሆንም ብቻውን የቆመ ነው።

ደግሞ ቁልፍና ዚፕ አሁኑኑ እጅሽ መግባቱን አረጋግጪ። ሦስት ሳምንት ሲቀር ሰው ስለ ጨርቅ ነው የሚጨነቀው። ልብሱ አልቆ ቁልፍ የሚጠበቅበት ቀን ግን ብዙ አይቻለሁ።

ሐር፦

እኔ ቀሚሱ ይቆይ ባይ ነኝ። ከልቤ ነው የምለው። ሰው ከአንድ ትርዒት ወጥቶ የሚያስታውሰው አንድ ልብስ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ያየው ሁሉ የሚወደውን ነገር በገዛ እጅሽ ለምን ታወጪዋለሽ?

ሌላም ምክንያት አለኝ። ጥያቄሽ እንቅስቃሴ ከሆነ ሰያፍ ቅድ ራሱ የእንቅስቃሴ ነገር ነው። ፈረንሳዊቷ ዲዛይነር ማድሌን ቪዮኔ (1876–1975) በሰያፍ ስትሠራ አሠራሯ ንድፍ ወረቀት ላይ መሳል አልነበረም። ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ጨርቅ እየጠመጠመች፣ እየሰካች፣ ጨርቁ በራሱ የት እንደሚወድቅ እያየች ነው። ልብሱ ሰውነትን እንዲከተል እንጂ እንዲያስር አልፈለገችም። አንቺ ከኮቱ የተማርሽው እኮ ከዚህ የራቀ አይደለም። የብዕር ስምሽም «ሰያፍ» ነው!

ሁለተኛ ዓመት፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ትንሽ ኮሌክሽን (3 ልብስ) ልጀምር ነው። ጨርቅ ስገዛ ሁልጊዜ ያጥረኛል። ስንት ሜትር እንደሚበቃ እንዴት ነው የምታውቁት? ደግሞ ከፋይ ልጠቀም አስቤ ነበር።

የመቀስ ሰው፦

@ሁለተኛ ዓመት፣ መጀመሪያ ፓተርንሽን ጨርሺ። ከዚያ የጨርቁን ስፋት በወለሉ ላይ በክር ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጊና ቁርጥራጮቹን በሙሉ ደርድሪበት። የሞላው ርዝመት መልሱ ነው። እሱ ላይ ጨምሪበት እንጂ አትቀንሺ። የድሩን አቅጣጫ ሳትጠብቂ ለማብቃቃት ብለሽ አጣመሽ ከደረደርሽ ልብሱ ሲታጠብ ይጠመዘዛል። ሊያጥር የሚችል ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ከመቅደድሽ በፊት እጠቢው ወይም በእንፋሎት ተኩሺው።

ከፋይ ላይ እኔ ራሴ የሠራሁትን ጥፋት ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ ጨርቅ ለመቆጠብ ብዬ የቀሚሱን የፊት ክፍል ወደ ላይ፣ የኋላውን ወደ ታች አድርጌ ቀደድኩት። ተሰፍቶ ሲያልቅ ፊቱ ጥቁር፣ ጀርባው ግራጫ መሰለ። ያው ጨርቅ ነው፤ ያው ቀለም ነው። ከፋይ ፀጉር አለው። ፀጉሩ ወደ ላይ ሲተኛና ወደ ታች ሲተኛ ብርሃን የሚቀበለው ለየብቻ ነው። መፍትሔ አልነበረውም፤ ጀርባውን በሙሉ እንደገና ቀደድኩ። ስለዚህ ከፋይ ሲሆን ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ። ጨርቁም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሁለተኛ ዓመት፦

በጣም አመሰግናለሁ! ወለሉ ላይ መደርደር የሚለውን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ስገምት ነው የኖርኩት።

ሰያፍ፦

ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። የሁላችሁንም ሞከርኩት።

ቀሚሱን ሁለት ቀን ሰቀልኩት። ግራው ከቀኙ 4 ሴንቲ ሜትር በልጦ ወረደ። ባልሰቅለው ኖሮ ትርዒቱ ላይ ነበር የሚወርደው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ፎቶዎቹንም ለጠፍኩ። ቀሚሱን በእጄ ስሸፍነው ሌሎቹ አልጎደሉም። ኮቱን ስሸፍን ግን አምስቱም እንግዳ ሆኑብኝ። ያም ሆኖ የሐርን ሐሳብ ከጭንቅላቴ ማውጣት አቃተኝ፤ ምክንያቱም ልክ ነበረች። ሰያፍ ቅድ የእንቅስቃሴ ነገር ነው። ስለዚህ ጓደኛዬን ቀሚሱን አልብሼ እንቅስቃሴዎቹን ሁሉ አስደረግኳት። ተቀመጠች፣ ጎንበስ አለች፣ ክንዷን አነሳች፣ ዕቃ ተሸከመች። ቀሚሱ ሁሉንም እሺ አለ። ምንም አልከለከላትም። ስትቆም ደግሞ ፍስስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አንድም ነገር እንዳልሆነ።

ያን ጊዜ ነው የቆረቆረኝ ነገር የገባኝ። ቀሚሱ ሁሉንም እንቅስቃሴ ይቀበላል፤ አንዱንም ግን አይይዝም። ሌሎቹ አምስቱ ማኒኪን ላይ ባዶ ቆመው እንኳ አንድ ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ ይታያል። ቀሚሱ ከሰው ሲወጣ ጨርቅ ብቻ ነው። ሐር፣ ቀሚሱን እወደዋለሁ። አንድ ቀን የራሱን ኮሌክሽን እሠራለታለሁ። ከዚህኛው ግን ይወጣል።

የሚተካው ሱሪ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ በአቡጀዴ ሠርቼው ጥዬው ነበር። መቀመጥ የሚለውን እንቅስቃሴ ነበር የመደብኩለት። ጉልበቱ ከፊት ወጣ ያለ፣ ከኋላ የተሰበሰበ ነው። ስትቀመጪ ልክ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ አይስብም፣ ወገብ ላይ አይወርድም። ስትቆሚ ግን አስቀያሚ ነው። ጉልበቱ ፊኛ ይመስላል። ለዚያ ነበር የጣልኩት።

ግራጫ ሱፍ፦

እባክሽ አታስተካክዪው! አስቀያሚ የሚለውን ቃል አትፍሪው። ጃፓናዊቷ ዲዛይነር ሬይ ካዋኩቦ እ.ኤ.አ. ለ1997 ጸደይና በጋ ባቀረበችው ኮሌክሽን ጀርባና ዳሌ ላይ ትራስ የመሰለ ሙሌት ከትታ ነበር። ሰው በጊዜው ደነገጠ። ዛሬ ግን ያ ኮሌክሽን ሙዚየም ውስጥ ይታያል። የሷ ጥያቄ ሰውነትና ልብስ የት ይገናኛሉ የሚል ነው፤ ያንቺ ደግሞ ሌላ ነው። ግን ድፍረቱ ያስፈልግሻል።

ሐር፦

እሺ፣ ተረታሁ። «ይቀበላል እንጂ አይይዝም» የሚለው አሳመነኝ። ቀሚሱን ግን አደራ፣ አጣጥፈሽ አታስቀምጪው።

ገበር፦

ሱሪው ቆሞ አስቀያሚ ከሆነ ለምን ቆሞ ይታያል? ሞዴሏ ወንበር ይዛ ትግባና ትቀመጥ። አምስቱ ቆመው ሲያልፉ አንዷ ብትቀመጥ ሰው ወዲያው ጉልበቷን ነው የሚያየው።

ስለ ጨርቁ ግን ላስጠንቅቅሽ። ሱፍ ከሆነ በካውያ ብቻ ያወጣሽው ቅርጽ ውሎ አድሮ ይለቃል። ፖሊስተር ነው በሙቀት የያዘውን የማይለቀው። ጃፓናዊው ዲዛይነር ኢሴ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1993 በጀመረው የሽንሽን ልብስ መስመር ልብሱን መጀመሪያ ከሚፈለገው ልክ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ አስፍተው ይሰፉታል። ከዚያ በወረቀት መካከል አድርገው በሙቀት ማተሚያ ይሸነሽኑታል። ሽንሽኑ ታጥቦም አይፈታም፤ ጨርቁ ፖሊስተር ስለሆነ ነው። አንቺ ጉልበቱን በካውያ ነው የምትሠሪው በቅድ?

ሰያፍ፦

ጨርቁ ሱፍ ነው። ሞዴሏ ወንበር ይዛ ትግባ ያልከው ሐሳብ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ እንደዚያው አደርገዋለሁ።

አሁን ጉልበቱ ላይ፣ ከጎን ስፌቱ ተነስተው ወደ መካከል የሚገቡ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች አሉ። ቅርጹን የያዙት እነሱ ናቸው። ችግሩ ጫፋቸው ላይ ነው፤ ሹል ሆኖ ጡት ይመስላል። ዛሬ ጠዋት ዋናውን ጨርቅ ቀድጃለሁ፣ ግን ገና አልሰፋሁትም። ጋሼ፣ ምን ላድርግ?

የመቀስ ሰው፦

ሁለቱንም ተጠቀሚ። ቅዱ ይይዝልሻል፤ ካውያው ያለሰልስልሻል። ድሮ ሱሪ ሰፊዎች እግሩን ከመስፋታቸው በፊት በካውያ ይቀርጹት ነበር፤ እዚህ ይስቡታል፣ እዚያ ይሰበስቡታል። ሱፍ ይህን ይፈቅዳል።

እጥፋቱን ስትሰፊ ጫፉ ላይ በድንገት አትጨርሺ። የመጨረሻውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከእጥፋቱ ጠርዝ ጋር ልታገናኚው ትንሽ ሲቀርሽ ጎን ለጎን እያስኬድሽ አቅጥኚው። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ መልሰሽ አትስፊ፤ ክሩን አስረዝመሽ በእጅሽ ቋጥሪው። ከዚያ የተጠቀለለ ፎጣ ከሥሩ አድርጊ፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አትተኩሺው። ከላይ እርጥብ ጨርቅ ጣይበት፣ ካውያውን አስቀምጪ እንጂ አትጎትቺ፣ እንፋሎቱ ይግባ። ካውያውን ስታነሺ በደረቅ እንጨት ተጫኚው። እስኪበርድ ድረስ ደግሞ ከፎጣው ላይ አታንሺው። ትኩስ እያለ ካነሳሽው የደከምሽበት ሁሉ ይፈታል።

ሰያፍ፦

ፎጣው ላይ ነው። እየበረደ ነው።